«ሌላውስ ምን ያደርጋል?»፦ የባሕርይ ሳይንስና የጭሊሞ ደን አጠባበቅ በምዕራብ ሸዋ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚያመራ መንገደኛ ጊንጪ ከተማ ሲደርስ፣ በስተሰሜን ካለው ተረተር ላይ ጠቆር ብሎ የሚታየው የጭሊሞ ደን ነው። ደኑ በምዕራብ ሸዋ ዞን በደንዲ ወረዳ የሚገኝ ሲሆን፣ በአንድ ወቅት የሸዋን ደጋ በሰፊው ሸፍኖ ከነበረው የጥድ፣ የዝግባና የወይራ ደን ከተረፉት ጥቂት ቅሪቶች አንዱ ነው። ጉሬዛ ይኖርበታል፤ ከሥሩ የሚፈልቁ ጅረቶችም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

በዙሪያው የሚኖረው አርሶ አደር ጥዱን ጋቲራ፣ ዝግባውን ቢርቢርሳ፣ ወይራውን ኤጄርሳ ብሎ ይጠራዋል። ጥዱ ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤት ምሰሶና ለአጥር ቋሚ ይፈለጋል፤ ዝግባው ለጣውላ፣ ወይራው ለእርሻ ዕቃና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ይሆናል። ዛፎቹ የሚቆረጡት እንግዲህ ዋጋቸው ስላልታወቀ ሳይሆን ስለታወቀ ነው። ሆኖም በአገራችን ስለ ብዝኀ ሕይወት ጥበቃ የሚጻፉ ሰነዶች ሁለት መድኃኒቶችን ደጋግመው ያዝዛሉ፤ አንደኛው «ግንዛቤ ማስጨበጥ»፣ ሁለተኛው «ሕግ ማስከበር» ነው። የመጀመሪያው አርሶ አደሩ የደንን ጥቅም አያውቅም ከሚል ግምት፣ ሁለተኛው ደግሞ ቢያውቅም ካልፈራ አይታቀብም ከሚል ግምት ይነሣል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱም ግምቶች ዋናውን ነገር ይስታሉ ብሎ ይከራከራል። ዋናው ነገር፣ የባሕርይ ሳይንስ እንደሚያሳየው፣ ሰው ጎረቤቱ ነገ ምን ያደርጋል ብሎ እንደሚገምት ነው።

የማወቅ ችግር አይደለም

ግንዛቤ ብቻውን ደንን የሚያድን ቢሆን ኖሮ፣ ያው ሰው ስለ ያው ዛፍ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጠባይ ባሳየ ነበር። ነገር ግን በደጋው የሸዋ ገጠር ማንም ሊያየው የሚችል ማስረጃ አለ፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለው ጥድ አርጅቶ እስኪወድቅ ይቆማል፣ ከቅጥሩ ውጭ ያለው ግን ጉቶ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዛፉ አንድ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የሚቆርጠውም የአንድ አጥቢያ ሰው ነው። በኦሮሞ ባህል ኦዳም እንዲሁ ነው፤ በዚሁ ዞን ያለውን ኦዳ ቢሲልን የመሰለ የጉባኤ ቦታ ዛፍ ላይ መጥረቢያ የሚያነሣ አይገኝም። የሚከለክለው ዘበኛ ወይም ቅጣት አይደለም። «ሰፉ» የሚባለው፣ ነውርና ክብርን አጣምሮ የያዘው ሥርዓት ነው የሚከለክለው። እያንዳንዱ ሰው ሌላው ሁሉ ይህን ዛፍ እንደማይነካ፣ እርሱ ቢነካም ሁሉም እንደሚያወግዘው ያውቃል።

በጭሊሞ ጥግ ካለው የደን ዛፍ ላይ ግን ይህ ርግጠኝነት የለም። በደኑ ዳር የምትኖር አንዲት እናት ዛሬ የደረቀ ጭራሮ ብቻ ለቅማ እርጥቡን ዛፍ ብትተወው፣ ነገ ሌላ ሰው በመጥረቢያ ጥሎት በጊንጪ ገበያ እንደሚሸጠው ብታምን፣ መታቀቧ ለደኑ የሚጨምረው ነገር የለም። ለእርሷ የሚተርፋት ኪሳራ ብቻ ነው። ስለ አፈር መሸርሸር የሚሰጥ ስብከት ይህን ስሌት አይለውጠውም፤ ምናልባትም ነገሩን ጠንቅቃ የምታውቀው እርሷ ናት።

ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ ከዚህ ዓይነቱ ስሌት ተነሥቶ የጋራ ሀብት ሁሉ መጥፋቱ አይቀርም ወደሚል ድምዳሜ ደርሶ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ከስዊስ የግጦሽ ተራሮች እስከ ፊሊፒንስ የመስኖ ማኅበራት ያሉ ነባር ሥርዓቶችን መርምራ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ድምዳሜው ትክክል አለመሆኑን አሳየች፤ በ2009ም የኖቤል ሽልማትን በኢኮኖሚክስ ተቀበለች። የቀረው ጥያቄ ለምን በአንዱ መንደር ይሳካል፣ በሌላው አይሳካም የሚለው ነበር።

የባሌ ማኅበራት ያሳዩት

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት ጠንካራ መልሶች አንዱ የተገኘው ከአገራችን ነው። በቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር በአዳባና በዶዶላ አካባቢ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ፣ «ዋልዳ ጂራቶታ ቦሶና» (የደን ነዋሪዎች ማኅበር) የተባሉ ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። የአደረጃጀቱ ስሌት ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር፣ ለአንድ ማኅበር ቢበዛ 30 አባወራዎች የሚል ነበር። ማኅበሩ ደኑን በውል ይረከባል፣ በልኩ ይጠቀምበታል፣ አባል ያልሆነውን ያግዳል።

ዴቬሽ ሩስታጊ፣ ስቴፋኒ ኤንግልና ሚካኤል ኮስፌልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከነዚህ ማኅበራት 49ኙን፣ በውስጣቸውም 679 አባላትን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳተሙ። አካሄዳቸው ቀላል ነበር። ሁለት ሰዎች ማንነታቸውን ሳይተዋወቁ ይጣመራሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ጥቂት የብር ኖቶች ይሰጣሉ። ሰውየው ከተሰጠው ላይ የፈለገውን ያህል ለጋራ ያዋጣል፤ የተዋጣው ተጨማሪ ታክሎበት ለሁለቱ እኩል ይከፈላል። ሁለቱም ሙሉውን ቢያዋጡ ሁለቱም ያተርፋሉ፤ ነገር ግን ምንም ሳያዋጣ የሌላውን ድርሻ የሚጠብቅ ሰው ይበልጥ ያተርፋል። የጫካው ጥያቄ በብር ኖት ተመስሎ መቅረቡ ነው። ቀጥሎም ሰውየው «ሌላው ይህን ያህል ቢያዋጣ አንተ ስንት ታዋጣለህ?» ተብሎ ለእያንዳንዱ መጠን ይጠየቃል።

መልሶቹ ሰዎችን በዓይነት ለዩአቸው። ሌላው ምንም ያህል ቢያዋጣ እጃቸውን የማይዘረጉ፣ በሰው ድካም መጠቀምን የሚመርጡ ነበሩ፤ ቁጥራቸው ግን ብዙ ጊዜ እንደሚፈራው አልነበረም። ሲሶ ያህሉ ደግሞ ሌላው ሲጨምር የሚጨምሩ፣ ሌላው ሲቀንስ የሚቀንሱ ሆነው ተገኙ። እነዚህን በዚህ ጽሑፍ «አይቶ ተባባሪ» እንላቸዋለን። የአይቶ ተባባሪዎች ድርሻ ከማኅበር ማኅበር እጅግ ይለያይ ነበር፤ በአንዳንዱ አንድም አልተገኘም፣ በሌላው አብዛኛው አባል እንዲህ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን ድርሻ በየማኅበሩ ደን ውስጥ በሄክታር ከቆሙት፣ ለወደፊት ምርት ከሚበቁ ወጣት ዛፎች ቁጥር ጋር አስተያዩት። አይቶ ተባባሪ የበዛበት ማኅበር ደን የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ የገበያ ርቀትና ሌሎች ምክንያቶች ተመዝነውም ግንኙነቱ ጸና።

የጥናቱ ሁለተኛው ግኝት ለእኛ ይበልጥ ጠቃሚ ነው። አይቶ ተባባሪው እርሱ ራሱ ከመቁረጥ በመታቀብ ብቻ አይወሰንም፤ ጊዜውን ሠውቶ ደኑን እየዞረ ይጠብቃል፣ በሰው ድካም ከሚጠቀመው አባልም የበለጠ ሰዓት በጥበቃ ያሳልፋል። ያለ ክፍያ ሌሊት በብርድ የሚዞር ሰው በተለመደው የኢኮኖሚ መጽሐፍ ቂል ነው፤ በባሌ ግን ደኑን ያቆመው እርሱ ነው። ጥበቃው ሁለት ሥራ ይሠራል። ቆራጩን ያስፈራል፤ ከዚህም በላይ ግን ለሌላው አይቶ ተባባሪ «ብቻህን አይደለህም» የሚል ምልክት ይሆናል። (በአማርኛ «መጠበቅ» የሚለው ግሥ ሀብትን መንከባከብንም፣ ከሰው አንድ ነገርን ተስፋ ማድረግንም በአንድነት መያዙ እዚህ ላይ ከአጋጣሚ በላይ ይመስለኛል።)

ከዚህ አንጻር በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት በብዙ የኢትዮጵያ ደኖች ላይ የደረሰው ጭፍጨፋ ግልጽ ይሆናል። በዚያ ሰሞን የሕዝቡ ዕውቀት አልቀነሰም፤ የማገዶ ፍላጎቱም በአንድ ሳምንት አላደገም። የተለወጠው ግምቱ ነው። ዘበኛው ጠፋ፣ ሁሉም ሌላው እንደሚቆርጥ ገመተ፣ ስለ ገመተም ቀድሞ ቆረጠ። በባንክ ላይ ወሬ ሲነዛ ገንዘቡን ለማውጣት የሚሽቀዳደም ደንበኛ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ጤናማ የነበረው ባንክ በግምት ብቻ ይወድቃል።

ጭሊሞ ራሱ ከቦንጋ ጋር፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት አሳታፊ የደን አስተዳደርን በኢትዮጵያ ከሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ነው። የደን ተጠቃሚ ቡድኖች በኅብረት ሥራ ማኅበርነት ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርመዋል። ስለዚህ ለባሌው ጥናት መሠረት የሆነው ዓይነት አደረጃጀት በአምቦ ደጃፍም አለ።

የምንናገረው ነገር የሚያደርሰው ጉዳት

ሰው ሌላውን አይቶ የሚወስን ከሆነ፣ ስለ ሌላው የምንነግረው ነገር ራሱ ጣልቃ ገብነት ነው። በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት፣ ጥንታዊ እንጨት ወደ ድንጋይነት ተለውጦ በሚገኝበት ብሔራዊ ፓርክ፣ ጎብኚዎች ስብርባሪውን እየሰረቁ ያስቸግሩ ነበር። ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በመተላለፊያዎቹ ላይ ምልክት የተደረገባቸውን ቁርጥራጮች አስቀምጠው፣ የተለያዩ ማስጠንቀቂያዎችን ሞከሩ። «ብዙ ጎብኚዎች እንጨቱን በመውሰዳቸው ፓርኩ ተጎድቷል» የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ በተሰቀለበት መንገድ 8 በመቶ ገደማ የሚሆነው ቁርጥራጭ ተሰረቀ፤ አትውሰዱ ብቻ የሚል ጽሑፍ በተሰቀለበት ግን ከ2 በመቶ በታች ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፍ ሐዘኑን ሲገልጽ፣ ሳያስበው ስርቆቱ የተለመደ መሆኑን መሰከረ።

የእኛን የስብሰባ ንግግሮችና የግድግዳ ጽሑፎች በዚህ ዓይን መመርመር ይገባል። «ደናችን በሁሉም እየተጨፈጨፈ ነው»፣ «ሕገ ወጥ ቆረጣ ተስፋፍቷል»፣ «ማንም ግድ የለውም»፤ እነዚህ ለአይቶ ተባባሪው ምን ይነግሩታል? የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ ይሉታል። መነገር ያለበት ብዙኃኑ የሚያደርጉት መልካም ነገር ነው፤ በዚህ ወር ከአባላቱ ስንቶቹ የጥበቃ ተራቸውን ተወጡ፣ ስንቶቹ አባወራዎች ከደኑ የደረቀ ብቻ ወሰዱ። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ የሚነገረው እውነት መሆን አለበት። በመንደር ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ሪፖርት ለማሳመር የተጋነነ ቁጥር በጉባኤ ፊት ከተነበበ፣ በአንድ ቀን የሚፈርሰው የዓመታት አመኔታ ነው። ብዙኃኑ በእርግጥ የሚቆርጡ ከሆነስ? ያን ጊዜ የሚነገረው ቁጥር ሳይሆን ለውጡ ይሆናል፤ ካለፈው ዓመት ዘንድሮ ተራውን የጠበቀው በዝቷል ማለት፣ እውነት ከሆነ፣ ይቻላል።

ቅጣት ዋጋ ሲሆን፣ ዕድር ግን ለምን እንደማይሆን

በእስራኤል በሃይፋ ከተማ በሚገኙ ዐሥር የሕፃናት ማቆያዎች የተደረገ ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ እየዘገዩ ስላስቸገሩ በስድስቱ ማቆያዎች አነስተኛ የገንዘብ ቅጣት ተደነገገ። መዘግየቱ ቀነሰ? እጥፍ ያህል ጨመረ። ቅጣቱ ሲነሣም ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳስረዱት፣ ቀድሞ ይሉኝታ የነበረው ነገር ከቅጣቱ በኋላ የሚገዛ አገልግሎት ሆነ። በዚያው ዓመት ሁዋን ካሚሎ ካርዴናስና ባልደረቦቹ በኮሎምቢያ ገጠር ያደረጉት ሙከራ ደግሞ በቀጥታ ስለ ማገዶ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ከጋራ ደን ስንት እንደሚወስዱ በጨዋታ ሲወስኑ፣ እርስ በርስ እንዲመካከሩ የተፈቀደላቸው ታቀቡ፤ ከውጭ የመጣና በደካማ ቁጥጥር የሚፈጸም ደንብ የተጣለባቸው ግን ውለው አድረው እያንዳንዱ ለራሱ ብቻ ወደ ማሰብ አዘነበሉ።

እነዚህን ውጤቶች በችኮላ ለሚያነብ «ቅጣት አይረባም» የሚል ትምህርት የሚሰጡ ይመስላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተት መሆኑንም ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእኛ ዕድር ይቀጣል። ከቀብር የቀረ አባል ጥቂት ብር ይከፍላል፤ ስም እየተጠራ ያልተገኘው ይመዘገባል። ገንዘቡ ከቀን ሥራ ገቢ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በሃይፋው ስሌት ሰው ሁሉ እየከፈለ መቅረት ነበረበት። ግን አይቀርም። ምክንያቱም የዕድር ቅጣት ዋጋ ሳይሆን ምልክት ነው። የሚቀጣው ራሱ አባሉ የመረጠው ዳኛ ነው፤ ቅጣቱ በሁሉም ፊት ይነገራል፤ መቅረትን ልማድ ያደረገ ይሰረዛል፤ የተሰረዘም በራሱ ሐዘን ቀን ድንኳኑን የሚተክልለት አያገኝም። ከብሩ ጀርባ ማን እንደቆመ ቀጪውም ተቀጪውም ያውቃሉ።

የደን ማኅበራት መተዳደሪያ ደንብ ሲረቀቅ ትኩረት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለብሩ መጠን ነው። ከላይ በቀረበው መሠረት መጠኑ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ቅጣቱ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ሲመጣ የሃይፋን መንገድ ይከተላል፤ አባላት በመረጡት ሰው፣ በአደባባይ፣ ከትንሽ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲከብድ ግን የዕድርን። ኦስትሮም ለዘመናት ጸንተው በቆዩ የጋራ ሀብት ሥርዓቶች ውስጥ ያገኘችውም ይህንኑ ደረጃ በደረጃ የሚከብድ ቅጣት ነበር። አሳሳቢ ሆኖ የሚታየኝ ጉዳይ፣ ዕድር ከአባላቱ መካከል የማይቆጥረው ሰው ይኖራል፤ የደን ማኅበርም እንዲሁ። አባል ያልሆነችው፣ መሬት የሌላት፣ ሸክሟን ጀርባዋ ላይ አዝላ ወደ ከተማ የምትወርደው እንጨት ለቃሚ በጉባኤው አልተገኘችም፤ ይሉኝታው አይደርሳትም፤ ቅጣቱ ግን ይደርሳታል። እርሷን ሳያካትት የተሳካ ማኅበር ደኑን ያተረፈው በማን ኪሳራ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

መንግሥትም ይታያል

የባሕርይ ሳይንስ ጽሑፎች በአብዛኛው አርሶ አደሩን ከአርሶ አደር ጎረቤቱ ጋር ብቻ ያስተያዩታል። በምዕራብ ሸዋ ግን አይቶ ተባባሪው የሚያየው ሌላም ወገን አለ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ተማሪዎች ያነሡት ተቃውሞ፣ በኋላ በመላው ኦሮሚያ የተስፋፋው፣ በወቅቱ እንደተዘገበው መነሻው የመጫወቻ ሜዳ ለሌላ መሰጠትና የጭሊሞ ደን ለኢንቨስትመንት መመንጠር ነበር። ስለ ዘመኑ ፖለቲካ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። ለርእሳችን የሚጠቅመው ነጥብ ግን ጉልህ ነው። ጭራሮ እንዳይለቅም የተነገረው ሰው ደኑ በላዩ ለሌላ ሊሰጥ ነው ብሎ ካመነ፣ መታቀብ ለእርሱ የጋራ ጥቅም መሆኑ ያበቃል። ለማያውቀው ሰው ሀብት ማቆየት ይሆንበታል። በሌላ በኩል፣ የከተማ ወጣቶች ስለ ደን አደባባይ መውጣታቸው ደኑ «የእኛ» የሚባል መሆኑን ይመሰክራል፤ ይህ ስሜት በየትኛውም የግንዛቤ ሥልጠና የማይገኝ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት በግልጽ ማወቁ ከዚህ አንጻር የሕግ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የባሕርይ ጉዳይም ነው። የሚጸናው ግን አርሶ አደሩ በዓይኑ ባየው አፈጻጸም መጠን ነው።

ምን ይለካ?

የሚቆጠረው ነገር ራሱ ባሕርይን ይቀርጻል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸው ሲነገር፣ የተከላው ቁጥር የሕዝብ ኩራት ሆነ። የጸደቀው ቁጥር ግን በዚያው ድምፅ አይነገርም፤ ስለሆነም የብዙ ሰው ጥረት በተከላው ቀን ላይ ይከማቻል። ለብዝኀ ሕይወት ደግሞ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። አንድ ሄክታር ባሕር ዛፍና አንድ ሄክታር የጭሊሞ ዝግባ በችግኝ ቆጠራ እኩል ናቸው፤ ጉሬዛው ግን በሁለተኛው እንጂ በመጀመሪያው አይኖርም። እርግጥ የባሕር ዛፉ ማሳ በደኑ ላይ የሚወድቀውን የአጣናና የማገዶ ጫና ስለሚያቀል በጠላትነት ሊፈረጅ አይገባውም።

ምድጃም ቢሆን ያው ነው። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በቤተ ሙከራ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል ይባልለታል፤ በገጠር ቤቶች በተደረገ የመስክ ሙከራ ግን ቁጠባው ከአምስት አንድ እስከ ሲሶ ገደማ ሆኖ ነው የተገኘው። ልዩነቱን የፈጠረው ሲሚንቶው ሳይሆን፣ እንጨቱን የምትማግደው ሴት የምትሠራበት ልማድ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ሲሶ ትንሽ አይደለም። ከላይ የተነገረው ስለ ግምትና ይሉኝታ ያለው ሁሉ የማብሰያ ማገዶ ለሌለው ቤት ባዶ ነው፤ ራት ያልበሰለበት ቤት በማንም ዓይን ፊት ጫካ ይገባል።

በጭሊሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊደረግ የሚገባው ቀጣይ ጥናት በዚህ ቅደም ተከተል ቢጀመር የተሻለ ይመስለኛል። በመጀመሪያ አባላት ስለራሳቸው ሳይሆን ስለ ጎረቤቶቻቸው ይጠየቁ፤ «ከዐሥር ጎረቤቶችህ ስንቱ ባለፈው ወር የጥበቃ ተራውን ተወጣ?»። መልሱ ከማኅበሩ የጥበቃ መዝገብ ጋር ይተያይ። ሰዎች የገመቱት ከመዝገቡ በእጅጉ ካነሰ፣ መዝገቡን በጉባኤ ከማንበብ የበለጠ ርካሽ መሣሪያ የለም፤ ግማሾቹ ማኅበራት በዕጣ ተመርጠው በየወሩ እንዲነበብላቸው፣ ሌሎቹ በነበሩበት እንዲቀጥሉ ተደርጎ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን በሄክታር የቆሙት የጥድ፣ የዝግባና የወይራ ቡቃያዎች ይቆጠሩ። ከመዝገቡ ያነሰው ግን እውነታው ሆኖ ከተገኘ፣ ማለትም ተራ ጠባቂው በወረቀት ብቻ የሚዞር ከሆነ፣ ጥናቱ ከመዝገቡ ሳይሆን ከተረኞቹ ይጀምር፤ በተለይም በሰኔና በሐምሌ፣ እርሻ በሚበረታበትና ደኑ ብቻውን በሚቀርበት ወቅት፣ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ፣ የቀረውስ ለምን እንደቀረ።